ቮልኔ ወይስ ፖማር? ቦን ከተማ የቀመስናቸው አምስት ቀይ ወይኖች

ፍርዱን አስቀድሜ ልናገር፣ ምክንያቱ ይከተላል። ፈረንሳይ፣ ቡርጎኝ ውስጥ ቦን የምትባል ከተማ ሄዳችሁ ለወይን ቅምሻ ገንዘብ የምታወጡ ከሆነ፣ ትልልቅ ስም የተደረደረበትን ዝርዝር ተዉትና አንድ ጠማቂ ከተለያዩ መንደሮች የሠራቸውን ወይኖች በአንድ ቅምሻ የሚያቀርብላችሁን ፈልጉ። እኛ የገባንበት ሱቅ የሚሸጠው ይህንኑ ነው። አምስት ብርጭቆ፣ አምስት አድራሻ፣ አንድ ጠማቂ፣ አንድ የወይን ዝርያ፣ አንድ የመከር ዓመት። ዋጋው እዚያው ከተማ ከሚበላ መካከለኛ እራት አይበልጥም። ከአምስት አራት ኮከብ ሰጥቼዋለሁ፤ አምስተኛውን ለምን እንደነፈግኩት ወደ ታች ታገኙታላችሁ።

ስለ ወይን የሚጻፍ ነገር መቼም «ቴሯር» ሳይል አያልፍም። አፈሩ፣ ተዳፋቱ፣ ውኃው፣ ነፋሱ፣ ፀሐይ የሚመታበት አቅጣጫ፣ የገበሬው ልማድ፣ እነዚህ ሁሉ ተደማምረው ወይኑ ላይ የሚተዉት ጠባይ ማለት ነው። ጥሩ። ግን አብዛኞቻችን ይህን የምንሰማው ከሻጭ አፍ ነው፣ ሻጭ ደግሞ ዋጋ ለማስወደድ የማይለው የለም። እኔ በበኩሌ የሄድኩት ልፈትነው ነው። እውነት መሬት ብርጭቆ ውስጥ ይታያል ወይስ ወሬ ነው?

እኛ ሐበሾች ለጉዳዩ እንግዳ አይደለንም። የሐረርና የይርጋጨፌ ቡና አንድ አይደሉም ሲባል ማንም ማስረጃ አይጠይቅም። ግን ልብ በሉ። ሐረር በብዛት ፍሬው እንዳለ ፀሐይ ላይ የሚደርቅ ጀንፈል ቡና ነው። ይርጋጨፌ ስም ያወጣው በታጠበው ነው። የቡናው ዝርያም ይለያያል። ታዲያ ከልዩነቱ ስንቱ የመሬቱ ነው፣ ስንቱ የአዘገጃጀቱ? መለየት ይቸግራል። ቡርጎኝ ደስ የሚለው እዚህ ላይ ነው፤ ኮት ዶር የሚባለው ዋናው የወይን ኮረብታ ላይ ቀይ ወይን ማለት በሞላ ጎደል ፒኖ ኗር ከሚባለው አንድ ዝርያ የተሠራ ማለት ነው። በ1395 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) የቡርጎኙ መስፍን ደፋሩ ፊሊፕ፣ ጋሜ የሚባለው ብዙ የሚያፈራ ዝርያ ከመሬቱ ይነቀል ብሎ አዋጅ እስከማውጣት ደርሶ ነበር። ፒኖ ኗር ቆዳው ስስ ነው። ቀለሙም፣ ድድ የሚያደርቀው ታኒኑም ካቤርኔ ሶቪኞ ከሚባለው ሌላ ታዋቂ ቀይ ዝርያ ያነሰ ነው። ስለዚህ የሚደብቀው ነገር የለውም። መሬቱ ትንሽ ሲለወጥ ያሳብቃል።

ቦታውን በአጭሩ። ኮት ዶር ከዲዦን ተነስቶ ወደ ደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ይወርዳል። ወይን የተተከለበት መሬት ጠባብ ነው፣ አንዳንድ ቦታ ስፋቱ አንድ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ፊቱ ወደ ምሥራቅ ስለሆነ የጠዋት ፀሐይ ያገኛል። ከሥሩ ያለው ከ150 ሚሊዮን ከሚበልጡ ዓመታት በፊት ጥንታዊ ባሕር ትቶት የሄደው የኖራ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ግን ወጥ አይደለም፤ ተሰንጥቋል፣ ከፍ ዝቅ ብሏል፣ በየመሃሉ የኖራና የሸክላ ቅልቅል ገብቶበታል፣ ጥቂት እርምጃ በሄዳችሁ ቁጥር ከእግራችሁ ሥር ያለው ይቀየራል። ሰዎቹ ይህን በልምድ አውቀው ለእያንዳንዱ ቁራሽ መሬት ስም አውጥተዋል፣ ወሰን አበጅተዋል፣ ደረጃ ሰጥተዋል። ክሊማ ይሏቸዋል። ዩኔስኮ በ2015 በዓለም ቅርስነት ሲመዘግባቸው 1,247 ነበሩ።

ደረጃው በተዳፋቱ ይሄዳል። ታች ሜዳው ላይ፣ በተለይ 974 ቁጥር ከሚባለው መንገድ ወዲያ ማዶ፣ አፈሩ ጥልቅ ነው፣ ውኃ ይቋጥራል፣ በጸደይ ውርጭ ይተኛበታል። እዚያ የሚበቅለው በብዛት ተራ የቡርጎኝ ቀይ ይሆናል። አናት ላይ ደግሞ አፈሩ ይሳሳል፣ ይበርዳል። ምርጡ መሃሉ ነው፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ250 እስከ 300 ሜትር ባለው ወገቡ ላይ። ጠርሙስ ላይ «ግራን ክሩ» ብለው፣ የመጨረሻው ከፍተኛ ደረጃ ማለት ነው፣ ዋጋውን ሰማይ የሚሰቅሉት ከዚያ የሚመጣውን ነው።

አሁን ወደ ብርጭቆው።

የመጀመሪያው ተራው የቡርጎኝ ቀይ ነው፣ የመንደር ስም የሌለበት። ንጹሕ ነው፣ ይጠጣል፣ እንጆሪ እንጆሪ ይሸታል፣ ገና ሲውጡት ጣዕሙ ያልቃል። መጥፎ አይባልም። አስተናጋጇ ቶሎ ልታነሳው ስትል ግን ተዪው በሏት፤ የሌሎቹ መለኪያ እሱ ነው፣ በየመሃሉ እየተመለሳችሁ ትቀምሱታላችሁ።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ቮልኔና ፖማር ናቸው። ገንዘቡን ያወጣሁት ለነሱ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ቮልኔና ፖማር ጎረቤታሞች ናቸው፣ ከአንዱ መንደር ወደ ሌላው በእግር ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ሁለቱም ግራን ክሩ የላቸውም። ሁለቱም ፒኖ ኗር። ሁለቱም 2020።

የዋጋ ዝርዝሩ ነጭ ወረቀት ላይ ስለነበር ቮልኔውን በላዩ ላይ አዘንብዬ ያዝኩት። ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ቁልጭ ብሎ ይነበባል፣ ጠርዙ ላይ ቀለሙ ወደ ሮዝ ይሄዳል። ፖማሩን እዚያው መስመር ላይ አዘነበልኩት፤ ፊደሉ ጠርዙ ላይ ብቻ ይታያል፣ መሃሉ ደፍርሶ ሳይሆን ጠቁሮ ይዘጋል። ሽታቸው ደግሞ ጭራሽ ሌላ ነው። ቮልኔው አፍንጫ ሳይቀርበው ይመጣል፣ ቀይ ቼሪ፣ ጽጌረዳ፣ ከኋላ ትንሽ የብርቱካን ልጣጭ የሚመስል ነገር። ፖማሩ አይቸኩልም፤ ብርጭቆውን አዙራችሁ ጠብቃችሁ ነው የበሰለ ፕሪም፣ ዝናብ ያገኘው አፈር፣ ቆዳ የሚሸተው። አፍ ውስጥ ቮልኔ ቀጥ ብሎ ያልፍና ኮምጠጥ ያለው ጣዕሙ ብቻ ምላስ ዳር ላይ ይቀራል። ፖማር ድድ ላይ ይቀመጣል። አብሮኝ የነበረው ጓደኛዬ ወይን የሚባል ነገር እምብዛም አይጠጣም፣ «ይሄኛው ተከራካሪ ነው» አለ ፖማሩን። ከዚያ በላይ አልገልጸውም።

ጎረቤታሞቹ ይህን ያህል ለምን ተለያዩ? አስተናጋጇ «ብረት ነው» አለች። የፖማር አፈር ውስጥ ብረት አለ፣ ሩዢየን የሚባለው ታዋቂ ማሳ መሬቱ ቀላ ያለ ነው፣ ይህ እውነት ነው። ግን ብረቱ በሥር ተመጥጦ፣ በግንድ አልፎ፣ ፍሬው ውስጥ ገብቶ ምላሳችን ላይ አያርፍም። ሥር ከአፈር የሚወስደው ውኃና ውኃ ውስጥ የሟሟ ጥቂት ማዕድን ነው፤ ድንጋዩ ራሱ ይህ ነው የሚባል ጣዕምም ሽታም የለውም። የኖራ ድንጋዩ ጣዕም ተሰማኝ የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ በትሕትና ፈገግ ብላችሁ እለፉት።

ዋናው ነገር ውኃ ነው። ቦርዶ የሚባለው የሌላው የፈረንሳይ ወይን አገር ተመራማሪ ዤራር ሴጋን፣ እዚያው ያለውን የሜዶክን ምርጥ ማሳዎች ሲያጠና ያገኘው ይህንኑ ነው፤ ጥሩ ወይን የሚሰጡ ማሳዎች በአፈራቸው ዓይነት ላይመሳሰሉ ይችላሉ፣ ለተክሉ ውኃ በሚያደርሱበት መንገድ ግን ይመሳሰላሉ። ተክሉ ውኃ ከጠገበ ወቅቱን ሙሉ ቀንበጥና ቅጠል ሲያወጣ ይከርማል፣ ፍሬው ያብጣል፣ ጭማቂው ይቀጥናል። ትንሽ ሲጠማው ማደጉን አቁሞ ጉልበቱን ፍሬው ላይ ያውላል። ከልክ በላይ ሲጠማው ደግሞ ሁሉንም ዘግቶ ይቆማል፣ ፍሬው ሳይበስል ይጨማደዳል። በዚያ ላይ ሙቀት አለ፤ እርጥብ ሸክላ በጸደይ ለመሞቅ ይዘገያል፣ ድንጋያማው ውኃውን አሳልፎ ቶሎ ይሞቃል። የቮልኔ መሬት በአብዛኛው ሳሳ ያለና ድንጋይ የበዛበት ነው፣ የፖማር ሸክላው ይወፍራል። እዚያ ያሉ ገበሬዎች ለዘመናት የሚሉት ይኸው ነው፦ ሸክላ የበዛበት ወፈር ያለና ታኒኑ የጠነከረ ወይን ይሰጣል፣ ሳሳ ያለው የኖራ መሬት ቀጠን ያለና መዓዛው የሚቀድም።

ይህን ካልኩ በኋላ ግን ጥርጣሬዬን አልደብቅም። ፖማር ጠንካራ ነው ተብሎ ስለሚጠበቅ ጠማቂውም ጠንካራ አድርጎ ሊሠራው ይችላል። ፍሬው ከነቆዳው ረዘም ላለ ጊዜ ቢዘፈዘፍ፣ ቢወቀጥ፣ አዲስ በርሜል ቢገባ፣ መንደሩ ምን ይሁን ምን ይጠነክራል። አስተናጋጇን ጠየቅኳት። ወደ ውስጥ ገብታ ጠይቃ መጣች፤ በርሜሉ አንድ ዓይነት ነው፣ የመዘፍዘፊያው ጊዜም አንድ ነው፣ ፖማሩን ግን «ትንሽ በዛ አድርገን እንረግጠዋለን» አለች። አያችሁ! ለዚህች መልስ ብቻ አንድ ኮከብ ጨምሬላታለሁ። ብዙ ቦታ ብትጠይቁ «መሬቱ ነው የሚሠራው፣ እኛ ምንም አንነካም» ነው የሚሏችሁ። ማን ነው ምንም ሳይነካ ወይን የሚጠምቀው?

አንድ ነገር ግን ለመሬቱ ይመሰክራል። ቮልኔና ፖማር የሚገናኙበት ድንበር ላይ፣ በቮልኔ በኩል ፍሬሚዬ፣ በፖማር በኩልም እንደዚያው የሚጠራ ማሳ አለ፣ አጻጻፉ ብቻ ትንሽ ይለያል። በፖማር በኩል ካለው የሚመጣው ወይን ለስለስ ያለ፣ ወደ ቮልኔ የሚያዘነብል እንደሆነ አካባቢውን የሚያውቁ ሁሉ ይስማሙበታል። የመንደር ድንበር ሰው ያሰመረው ነው፣ አፈሩ አይታዘዝለትም። በቅምሻው ውስጥ ይህ ወይን የለም፤ ቢኖር ኖሮ ትምህርቱ ሙሉ ይሆን ነበር። ለሱቁ ያለኝ ሐሳብ ይህ ነው፣ የመጨረሻውን ብርጭቆ አውጡና እሱን አስገቡ።

አራተኛውና አምስተኛው ከሰሜኑ ክፍል ናቸው፣ ሻምቦል ሙዚኚና ዠቭሬ ሻምበርታን። በመካከላቸው ሞሬ ሳን ደኒ የምትባል ሌላ መንደር አለች። ታሪኩ ከቮልኔና ፖማር ብዙም አይርቅም፣ ሻምቦል መሬቱ የሳሳና ኖራ የበዛበት ነው፣ ዠቭሬ ሸክላው ይበረታል። ሻምቦሉ የዕለቱ ምርጥ ነበር፤ ከአምስቱ ለቤቴ አንድ ብቻ ውሰድ ብባል እሱን ነው የምወስደው፣ ዋጋው ግን ያስደነግጣል። ዠቭሬው አልሆነልኝም። የበርሜሉ እንጨት፣ የቫኒላና የጭስ ሽታ፣ ፍሬውን ውጦታል። ዠቭሬ ደግሞ ትልቅ መንደር ነው፣ 9 ግራን ክሩ አለው፣ ነገር ግን በመንደሩ ስም የሚሸጠው መሬት መንገዱን ተሻግሮ ሜዳው ድረስ ይወርዳል፣ ከጀርባው ደግሞ ኮምብ ደ ላቮ የሚባለው ሸለቆ ቀዝቃዛ አየር ይለቅበታል። ስለዚህ «ዠቭሬ» የሚል ጽሑፍ ብቻውን ብዙ አይነግራችሁም። በነገራችን ላይ መንደሩ ድሮ ዠቭሬ ብቻ ነበር ስሙ። በ1847 ነው የታዋቂውን ማሳ የሻምበርታንን ስም የጨመረበት። የንግድ ብልጠት ዛሬ አልተጀመረም።

ተጨማሪ ከፍላችሁ ክሎ ደ ቩዦ የሚባለውን ግራን ክሩ መጨመር ትችላላችሁ ይላሉ። አትጨምሩ። ወይኑ መጥፎ ስለሆነ አይምሰላችሁ። ክሎ ደ ቩዦ 50 ሄክታር ገደማ የሆነ በግንብ የታጠረ ማሳ ነው፣ የሲቶ ገዳም መነኮሳት በ12ኛው ክፍለ ዘመን መትከል ጀምረው በ14ኛው ክፍለ ዘመን አጥሩን የጨረሱት። መነኮሳቱ ሁሉንም የያዙት ራሳቸው ስለነበሩ የላዩን ከታቹ ማደባለቅ ይችሉ ነበር። ዛሬ ግን 80 ገደማ ባለቤቶች ተከፋፍለውታል። ላይ፣ ማሳው ውስጥ ያለው አሮጌ ቤተ መንግሥት አጠገብ፣ መሬቱ ድንጋያማና ውኃ የማይቋጥር ነው፣ ታች መንገዱ አጠገብ ደግሞ ሜዳና እርጥብ ሸክላ። ሁሉም አንድ ስም፣ ሁሉም ግራን ክሩ። የትኛው ድርሻ ላይኛው፣ የትኛው ታችኛው እንደሆነ ካላወቃችሁ ገንዘባችሁን ለስሙ ነው የምትከፍሉት። ቴሯር ቴሯር የሚሉ ሰዎች ራሳቸው በአንድ ስም ይህን ሁሉ መሬት ሲያጠቃልሉ ማየት ትንሽ ያስቃል።

ዓመቱን ሳላነሳ አላልፍም። 2020 ሞቃትና ደረቅ ነበር፣ ቡርጎኝ ውስጥ መከሩ ገና በኦገስት ነው የተጀመረው። እንዲህ ያለ ዓመት ፍሬውን ሁሉ ስለሚያበስለው በመንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ይጠብባል ብዬ ነበር የጠበቅኩት፣ ቮልኔና ፖማር ላይ ግን እንዲያውም ፈጦ ወጣ። ደረቅ ዓመት ላይ ሸክላ የቋጠረው ውኃ ይጠቅመዋል፣ ዝናባም ዓመት ላይ ደግሞ ተዳፋቱና ድንጋያማው ያሸንፋል። ስለዚህ ጥሩ ዓመት፣ መጥፎ ዓመት የሚለው ሰንጠረዥ ለሁሉም መሬት እኩል አይሠራም። የቦን ከተማ የመከር ቀን መዝገብ ከ1354 ጀምሮ ተሰብስቦ ተጠንቷል፤ ከ1988 ወዲህ መከሩ ከቀደሙት ዘመናት በአማካይ 13 ቀን ቀድሟል። ይህ ለገዢ ትርጉም አለው። የደረጃው ካርታ የተሳለው ብርድ በበዛበት ዘመን ነው፣ ትልቁ ጭንቀት ፍሬው ይበስላል ወይስ አይበስልም የሚል በነበረበት። አሁን ከኮረብታው ጀርባ ያለው፣ ኦት ኮት የሚባለው ከፍ ያለና ቀዝቃዛ መሬት ጥሩ አድርጎ ማብሰል ጀምሯል፣ ዋጋው ግን ገና አልደረሰበትም። ኪሳችሁን የምታስቡ ከሆነ ከሞቃት ዓመት ኦት ኮት ደ ቦን ቀይ ፈልጉ።

አሁን የጎደለው ኮከብ። አንደኛ፣ ምድር ቤቱ ቆንጆ ነው፣ ግን ወይኑን ከዚያው ቅዝቃዜ አንስተው በቀጥታ ይቀዱታል። ቀይ ወይን ሲበርድ ሽታው ይዘጋል፣ ታኒኑ ይሻክራል። ብርጭቆውን በሁለት እጄ አቅፌ ነው ያሞቅኩት። ሁለተኛ፣ የሚቀዱት ጠብታ ነው፤ ሁለት ጊዜ አሽትቶ አንድ ጊዜ ከተጎነጩ በኋላ የሚቀር ነገር የለም፣ ወይን ደግሞ ጠባዩን የሚያሳየው አየር ሲያገኝ ነው። ሦስተኛ፣ ቅደም ተከተሉ በዋጋ ነው የተሠራው፣ ከርካሹ ወደ ውዱ። አንዱን ሳይጨርሱ ሌላውን ስለማይቀዱ ጥንድ ጥንድ አድርጋችሁ ማነጻጸር አትችሉም። እኛ ለምነን ነው ቮልኔና ፖማር አንድ ላይ የተቀዳልን። በፈገግታ አደረጉት፣ ግን ሳይጠየቁ ሊያደርጉት የሚገባ ነገር ነው። ከዚህ ውጪ መስተንግዶው ጥሩ ነው፣ ማንም ግዙ ብሎ አላስጨነቀንም፣ መትፊያ ዕቃ ጠረጴዛው ላይ አለ፣ አትፈሩት ተጠቀሙበት፣ ካልተፋችሁ አምስተኛው ላይ ስትደርሱ ሁሉም ይጣፍጣችኋል። ሽቶ ተቀብታችሁ ግን አትግቡ፣ በእናታችሁ። ከጎናችን የነበረች ሴትዮ ሻምቦሉን ልትገድለው ነበር።

ስንወጣ ጓደኛዬ «የኛስ የዝዋዩ?» አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ካስቴል የሚባለው የፈረንሳይ መጠጥ ኩባንያ ዝዋይ ላይ ከፈረንሳይ ያመጣቸውን ተክሎች ተክሎ የመጀመሪያዎቹን ጠርሙሶች በ2014 አወጣ፣ ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካቤርኔ ሶቪኞ፣ ነጭ ደግሞ ሻርዶኔ። ማሳው ጉማሬና ጅብ እንዳይገባበት ዙሪያውን ቦይ ተቆፍሮለታል፤ ቡርጎኝ ውስጥ እንዲህ ያለ ችግር የለም፣ ቢበዛ የዱር አሳማ ቢመጣ ነው። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር ከፍ ያለ፣ አፈሩ አሸዋማ፣ ከምድር ወገብ 8 ዲግሪ ብቻ የራቀ ነው። ትልቁ ልዩነት አፈሩ ላይ አይደለም ያለው፤ ዝዋይ ክረምት ብሎ የሚበርድ ወቅት ስለሌለ ተክሉ አይተኛም። ቡርጎኝ ላይ ብርዱ ቅጠሉን አራግፎ ያስተኛዋል፣ ጸደይ ይቀሰቅሰዋል። ዝዋይ ላይ መቼ ያብብ፣ መቼ ያፍራ የሚለውን የሚወስነው በአብዛኛው ገበሬው በሚገርዝበትና በሚያጠጣበት ጊዜ ነው። የሚያግዘው ከፍታው ነው፣ ሌሊቱ ቀዝቀዝ ስለሚል ፍሬው ኮምጣጣነቱን ሁሉ አያጣም። ፒኖ ኗር አለመተከሉ አይገርመኝም፤ ቆዳው ስስ የሆነ፣ ቶሎ የሚበስል ዝርያ በዚያ ፀሐይ ሥር ምኑን ሊያሳይ? ሲራ ሙቀት ይችላል፣ ካቤርኔም ቆዳው ወፍራም ነው። የዝዋዩን ከቡርጎኙ ማወዳደር ለሁለቱም አይጠቅምም። ከዚያው ማሳ የወጡትን ሲራና ካቤርኔ ጎን ለጎን ክፈቱ፣ እሱ ብዙ ያስተምራል።

ገዝቼ የወጣሁት ቮልኔ ነው፣ ሻምቦሉን በዓይኔ ተሰናብቼው። ቤት ወስጄ ከበግ አልጫ ጋር ሞከርኩት፣ እርድና ዝንጅብሉ፣ የቅቤው ለስላሳነት፣ የወይኑ ኮምጠጥ ማለት፣ በጣም ተስማሙ። ከዶሮ ወጥ ጋር ግን አትሞክሩት። በርበሬ ታኒኑን ያመርረዋል፣ አልኮሉን ያነደዋል፣ የመዓዛው ነገር ደግሞ እንዳልነበረ ይሆናል፤ በዚያ ዋጋ የገዛችሁትን ወይን በበርበሬ ማጥፋት ኃጢአት ነው። ከክትፎ ጋር የሚያቀርቡት ካለ ሚጥሚጣው ይቅር፣ ለብለብ ይሁን። ከመክፈታችሁ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት፣ 15 ወይም 16 ዲግሪ ሲሆን ነው የሚጥመው። «ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት» የሚባለው ማሞቂያ ባልነበረበት ዘመን የተባለ ነው።

ዋጋን በተመለከተ፣ ተራው የቡርጎኝ ቀይ ከ15 እስከ 25 ዩሮ ይገኛል። የመንደር ስም ያለበት ቮልኔ ወይም ፖማር ከ40 ዩሮ በታች እምብዛም አታገኙም፣ ሻምቦል ከዚያም ይብሳል። ቦን መሄድ ካልቻላችሁ ቅምሻውን ቤታችሁ ማድረግ ትችላላችሁ፣ ብራስልስም ሆናችሁ ዋሽንግተን። ጥሩ ወይን ሱቅ ገብታችሁ የአንድ ጠማቂ፣ የአንድ ዓመት፣ የሁለት ጎረቤት መንደር ወይን ስጡኝ በሉ። ሦስት አራት ሆናችሁ አዋጡ። ሁለቱን እኩል አቀዝቅዙ፣ እኩል ቅዱ፣ ሁለቱንም አንድ ላይ ክፈቱ፣ አንዱን ለምግብ ሰዓት ብላችሁ አታቆዩት። ቮልኔ ከተወደደባችሁ ሞንቴሊን ጠይቁ፣ የቮልኔ አጎራባች ናት፣ ስሟ ስላልገነነ ዋጋዋ ዝቅ ይላል፣ እኔ በሚቀጥለው ጊዜ የምገዛው እሷን ነው።